ጁዲን ፍለጋ በሳን ፍራንሲስኮ

ሰኞ

ኦክላንድ የመጣሁት አክስቴን ልጠይቅ ነው። ሳን ፍራንሲስኮ ደግሞ ባሕረ ሰላጤውን ተሻግሮ ያለች ከተማ ናት። ስለዚህ ከጉብኝቱ ጎን ለጎን አንድ የቆየ ሐሳቤን ልፈጽም ወሰንኩ፤ የፊልም ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ «ቨርቲጎ»ን የቀረጸባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ በእግሬ ማዳረስ። ፊልሙ የተቀረጸው በ1957 እ.ኤ.አ. ነው፤ ለሕዝብ የቀረበው በዓመቱ በ1958። ያኔ ገበያው እምብዛም አልነበረም። በ2012 ግን የብሪታንያው «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» መጽሔት በየአሥር ዓመቱ ተቺዎችን በሚጠይቅበት ምርጫ የዓለም ምርጥ ፊልም ተብሎ አንደኛ ወጣ። በ2022 ሁለተኛ ሆነ።

ታሪኩን ላላያችሁ በአጭሩ ልንገራችሁ። ምሥጢሩንም ጭምር እናገራለሁ፤ ያለሱ የምጽፈው ነገር የለኝም። ስኮቲ ፈርጉሰን መርማሪ ፖሊስ ነው። ጣሪያ ለጣሪያ ወንጀለኛ ሲያሳድድ ይንሸራተትና ተንጠልጥሎ ይቀራል። ሊያድነው እጁን የዘረጋለት ፖሊስ ወድቆ ይሞታል። ከዚያ በኋላ ስኮቲ ከፍታ ላይ ሲቆም ራሱን ያዞረዋል፤ ሥራውንም ይለቃል። የድሮ የትምህርት ጓደኛው ጋቪን ኤልስተር ያስጠራውና «ሚስቴን ማዴሊንን የሞተች ሴት መንፈስ ይዟታል፣ ተከታተልልኝ» ይለዋል። ስኮቲ ይከተላታል። ሲከተል ሲከተል ፍቅር ይይዘዋል።

ሴትየዋ ግን የኤልስተር ሚስት አይደለችም። ጁዲ ባርተን ትባላለች። ከካንሳስ የመጣች ተራ የሱቅ ሠራተኛ ናት፤ ኤልስተር ቀጥሮ ሚስቱን መስላ እንድትታይ አድርጓታል። ዕቅዱ እውነተኛዋን ሚስቱን ገድሎ ከደወል ማማ ላይ መወርወርና ራሷን ያጠፋች ማስመሰል ነው። ለዚህ ምስክር ያስፈልገዋል፤ ማማው ላይ መውጣት የማይችል ምስክር። ስኮቲን የመረጠው ለሕመሙ ነው።

ዛሬ የጀመርኩት ኖብ ሂል ከሚባለው ኮረብታ ነው። ሜሰን መንገድ ላይ፣ ከፌርሞንት ሆቴል ማዶ፣ ብሮክልባንክ የሚባለው የአፓርታማ ሕንፃ አለ። የኤልስተር ቤት ተብሎ የታየው ይኼ ነው። የፊት ለፊቱ ግቢ ፊልሙ ላይ እንዳለው ነው። ማዴሊን በአረንጓዴ ጃጓሯ ከዚያ ወጥታ ቁልቁለቱን ስትወርድ ታየኝ። የገመድ ባቡሩ ደወሉን እያቃጨለ አጠገቤ አለፈ። በሰፈሩ ሀብት አለ፤ ድሮም ነበር። ኤልስተር የመረጠው መድረክ ነው።

ስኮቲ ማዴሊንን መጀመሪያ ያየበት ሬስቶራንት፣ ኤርኒስ፣ በ1995 ተዘግቷል። ግድግዳው ቀይ የሆነው ያ ውብ አዳራሽም ሆሊዉድ ስቱዲዮ ውስጥ የተሠራ ነበር። አበባ የገዛችበት ሱቅም ከነበረበት ከግራንት ጎዳና ከለቀቀ ቆይቷል። ሁለቱን በውጭ አልፌ ወደ ኦክላንድ ተመለስኩ።

ማክሰኞ

በባርት ባቡር 16ኛ መንገድ ወርጄ በእግሬ ወደ ሚሲዮን ዶሎሬስ። ሚሲዮኑን ስፔናውያን መነኮሳት የመሠረቱት በ1776 ነው። አሁን ያለው ትንሹ ቤተ ክርስቲያን በ1791 የተጠናቀቀ ነው። ግድግዳው የጭቃ ጡብ ነው፣ ወፍራም። በ1906 ከተማዋን ያፈራረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ አልጣለውም።

ፊልሙ ላይ ስኮቲ ማዴሊንን ተከትሎ እዚህ ይገባል። ጨለማውን አዳራሽ አቋርጦ በጎን በር ወደ መቃብሩ ይወጣል። እኔም እንደዚያው አደረግሁ። ከውስጡ ጨለማ ድንገት ብርሃን ላይ መውጣቱ ዓይን ያጭበረብራል። ሂችኮክ ይህን ትዕይንት ሌንሱ ላይ ማጣሪያ አድርጎ ነው የቀረጸው፤ ምስሉ ጉም የለበሰ፣ ትንሽ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ነው። ዛሬ ግን ፀሐይ ነበረች። ጽጌረዳው አብቧል። መንፈሷ ማዴሊንን ይዟታል የተባለችው የካርሎታ ቫልዴስ መቃብር የለም። ድንጋዩ ለፊልሙ ተብሎ የተሠራ ነበር፤ ቀረጻው ካለቀ በኋላ ጥቂት ቆይቶ ተነስቷል።

የሌለ መቃብር ስፈልግ እውነተኛዎቹን ማየት ጀመርኩ። በዚህ ግቢና በአካባቢው በሺዎች የሚቆጠሩ የአገሩ ተወላጆች ተቀብረዋል፤ ኦሎኒና ሚዎክ የሚባሉ ሕዝቦች። ብዙዎቹን የጨረሳቸው አውሮፓውያን ይዘውት የመጡት በሽታ ነው። አብዛኞቹ ስማቸው የተጻፈበት ድንጋይ የላቸውም። ቤተ ክርስቲያን አጸድ ውስጥ መቃብር ማየት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ስም አልባ መሆኑ ግን ከበደኝ።

ከሰዓት በ18 ቁጥር አውቶቡስ ወደ ሌጅዮን ኦፍ ኦነር ሙዚየም። በ1924 የተከፈተ፣ ፓሪስ ያለውን ተመሳሳይ ስም ያለው ቤተ መንግሥት አስመስለው ያነጹት ሕንፃ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለሞቱ የካሊፎርኒያ ልጆች መታሰቢያ ነው። ግቢው ውስጥ የሮዳን «አሳቢው» ሐውልት ተቀምጧል።

ማዴሊን እዚህ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ የካርሎታን ሥዕል ለረጅም ጊዜ ትመለከታለች። ስኮቲ ከኋላዋ ቆሟል። ካሜራው አጠገቧ ካለው እቅፍ አበባ ተነስቶ ሥዕሉ ላይ ወዳለው እቅፍ አበባ ይሄዳል። ያው ነው። ከዚያ ከጸጉሯ ጥቅልል ወደ ሥዕሉ ጸጉር። እሱም ያው። ሥዕሉ ለፊልሙ የተሣለ ስለሆነ ሙዚየሙ ውስጥ የለም። አንዱን ጥበቃ ጠየቅሁት። ሰው ሁሉ ይህንኑ ይጠይቃል አለኝ፤ ቅር ሳይለው።

እኔ ግን ያየሁት ሥዕሉን ሳይሆን አግዳሚውን ነው። ፊልሙን መጀመሪያ ስታዩት ከስኮቲ ጋር ሆናችሁ ጀርባዋን ታያላችሁ። ምሥጢሩን አውቃችሁ ስትደግሙት ግን የምታስቡት ስለ እሷ ነው። ከኋላዋ ሰው እንደቆመ ታውቃለች። መዞር የለባትም። ማንቀላፋት የለባትም። አንዲት የሱቅ ሠራተኛ፣ በሰው ልብስ፣ በሰው የጸጉር ቀለም፣ የማታውቀውን ሥዕል እያየች፣ ለአንድ ወንድ ጀርባዋን ሰጥታ ትተውናለች። ያ ጀርባ በሲኒማ ካየኋቸው ትወናዎች ሁሉ ይበልጥብኛል።

ረቡዕ

ፎርት ፖይንት። ከ1853 እስከ 1861 የተሠራ የጡብ ምሽግ ነው፤ የባሕረ ሰላጤውን መግቢያ እንዲጠብቅ። ጎልደን ጌት ድልድይ በ1937 ሲከፈት ምሽጉ ከድልድዩ ሥር ቀረ። ዋናው መሐንዲስ ጆሴፍ ስትራውስ ምሽጉ እንዲፈርስ አልፈለገም። ድልድዩ ምሽጉን በቅስት ዘሎት እንዲያልፍ አደረገ። ከታች ቆማችሁ ቀና ስትሉ ያ ግዙፍ ብርቱካንማ ብረት በላያችሁ ይሄዳል፤ የመኪናው ድምፅ ሲወርድ ይንጎደጎዳል።

ማዴሊን አበባዋን ቅጠል በቅጠል ውኃው ላይ ትበትንና ትዘላለች። ስኮቲ ተከትሏት ይዘላል። ማዴሊንንም ጁዲንም ሆና የተወነችው ኪም ኖቫክ ውኃ ውስጥ የታየችው ስቱዲዮ ባለ ገንዳ ነው። ዳር ላይ ቆሜ ሳይ ምክንያቱ ገባኝ። ማዕበሉ ድንጋዩን እየመታ መንገዱ ድረስ ይረጫል። ንፋሱ ኮት ይገልባል። ጁዲ ግን በታሪኩ ውስጥ የዘለለችው እዚሁ ነው። ዋና ትችላለች፤ ይህን ቆይታ ራሷ ለስኮቲ በምትጽፈው ደብዳቤ ላይ ባትለውም ፊልሙ እንድንረዳው ይተወናል። አንድ ሰው ያድነኛል ብላ አምና ዘለለች። አዳናት። ለእሷም ፍቅሩ የጀመረው እዚህ ይመስለኛል።

ስኮቲ ከውኃ አውጥቶ የወሰዳት ወደ ቤቱ ነው። ቤቱ ሎምባርድ መንገድ ከጆንስ ጋር የሚገናኝበት ጥግ ላይ ነው፤ ቱሪስት የሚጎርፍበት ጠመዝማዛው ሎምባርድ ካለበት ትንሽ ዝቅ ብሎ። ሰው የሚኖርበት ቤት ስለሆነ ከማዶ ሆኜ አይቼ አለፍኩ። የፊት ገጽታው ተቀይሯል፤ በፊልሙ የምናውቀው ደረጃና በር ዛሬ በግንብ ተከልሏል። ከዚያ ጥግ ግን ኮይት ታወር ወለል ብሎ ይታያል። ማዴሊን በማግስቱ አድራሻውን ሳታውቅ ቤቱን ያገኘችው ማማውን እያየች ነበር። በዚህ ፊልም ውስጥ ማማ መንገድ አሳይቶ ደግ የሠራው ይኼ አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ሐሙስ

ቀኑን ሙሉ ቤት ዋልኩ። እግሬ ዝሏል። ማታ ከአክስቴ ጋር ፊልሙን አየነው። አክስቴ ከዚህ በፊት አላየችውም። ኑዋር የሚባሉት ጨለም ያሉ የወንጀል ፊልሞች አብዛኞቹ ጥቁርና ነጭ ናቸው፤ ሌሊት፣ ዝናብ፣ ባርኔጣ፣ ሲጋራ። ይኼ በቀለም ነው፣ ብዙው በቀን ብርሃን። ግን ወጥመዱ ያው ነው። ሴት፣ ገንዘብ፣ ግድያ፣ ፍቅር ያሳወረው ወንድ። ልዩነቱ እዚህ የተያዙት ሁለቱም መሆናቸው ነው፤ እሱም እሷም።

«ማዴሊን» ከሞተች በኋላ ስኮቲ አእምሮው ይታመማል። ሲያገግም መንገድ ላይ ጁዲን ያያታል፤ ጸጉሯ ቡናማ፣ ልብሷ አረንጓዴ፣ አነጋገሯ ሌላ። ማንነቷን አያውቅም። ግን ትመስላታለች። ከዚያ ይጀምራል። ግራጫውን ልብስ ይገዛላታል። ጫማውን። ጸጉሯን ነጭ ቢጫ እንድትቀባ ይለምናታል። ላንቺ ምን ለውጥ አለው ይላታል። አክስቴ እዚህ ላይ ሻዪዋን አስቀመጠች። «እሷን እኮ አያያትም! ፊቱ ቆማ አያያትም!» አለች። በቃ፣ ፊልሙ ይኼው ነው።

ስለ ኪም ኖቫክ ነገርኳት። ማሪሊን ፖሊን ኖቫክ ነበር ስሟ። የቺካጎ ልጅ። ኮሎምቢያ የተባለው ስቱዲዮ ሲወስዳት ማሪሊንን አስቀየራት፤ ሌላዋ ማሪሊን፣ ሞንሮ፣ ነበረችና። የአባቷንም ስም ሊቀይሩባት ፈልገው አሻፈረኝ አለች። ጸጉሯን፣ ክብደቷን፣ አለባበሷን ይወስኑላት ነበር። ለ«ቨርቲጎ»ም መጀመሪያ የታጨችው ሌላ ተዋናይት ነበረች፣ ቬራ ማይልስ፤ ስታረግዝ ነው ኖቫክ የገባችው። የልብስ ዲዛይነሯ ኤዲት ሄድ ያዘጋጀችው ግራጫ ልብስና ጥቁሩ ጫማ አልተመቻትም ነበር። ሂችኮክ ግን አልለወጠውም። በኋላ በሰጠቻቸው ቃለ ምልልሶች ያ አለመመቸት ለማዴሊን ትወናዋ እንደጠቀማት፣ ራሷንም በጁዲ ውስጥ እንዳየች ተናግራለች። እኔ አምናታለሁ። ጁዲ «የምትለኝን ባደርግ ትወደኛለህ?» ስትል ድምጿ ውስጥ ያለው ነገር በልምምድ ብቻ የሚመጣ አይመስለኝም።

ዓርብ

የአክስቴ ልጅ እረፍት ስለነበረው በመኪናው ወደ ሚዩር ዉድስ ወሰደኝ። የመኪና ማቆሚያ ቀደም ብሎ ማስያዝ ግዴታ ነው፤ ስልክም እዚያ አይሠራም፣ ስለዚህ ወረቀቱን አስቀድማችሁ አውርዱ። የደኑ ትዕይንት የተቀረጸው በእርግጥ ቢግ ቤዚን በተባለው ሌላ ደን ነው። ያ ደን በነሐሴ 2020 በሰደድ እሳት ክፉኛ ተቃጥሏል። ዛፎቹ ግን ከጥቁር ግንዳቸው እንደገና አቆጥቁጠዋል።

ሚዩር ዉድስ ውስጥም ያው የሬድዉድ ዛፍ ነው። ቀና ብላችሁ ጫፉን ስትፈልጉ አንገት ይደክማል። ድምፅ ይቀንሳል፤ ሰው ሁሉ ሳይነገረው በሹክሹክታ ያወራል። መግቢያው አካባቢ የተቆረጠ ግንድ ቆሟል፣ ቀለበቶቹ ላይ ዓመተ ምሕረት የተለጠፈበት። ፊልሙ ላይ ማዴሊን እንዲህ ባለ ግንድ ፊት ቆማ በጓንት ጣቷ ቀለበቶቹን እየነካች «እዚህ ተወለድኩ፣ እዚህ ሞትኩ» ትላለች። ዛፉን ደግሞ ላንተ ቅጽበት ብቻ ነበር፤ ልብ አላልከኝም ትለዋለች።

ፊልሙ ውስጥ ባለው ግንድ ላይ የተለጠፉት የእንግሊዝና የአሜሪካ ታሪኮች ናቸው፤ 1066፣ 1776። እኔ በበኩሌ የራሴን ፈለግሁ። ላሊበላ ሲፈለፈል የነበረው ቀለበት የት ጋ እንደሚሆን ገምቼ ወደ መሐል ጠጋ ብዬ አየሁ። ዓድዋ ከቅርፊቱ አጠገብ ናት። የአክስቴ ልጅ እዚህ አገር ያደገ ነው፤ «የኔ የት ነው?» አለ። የዛፉ ዕድሜ ከመወለዱ በፊት አብቅቷል። ቀለበት የለውም።

ያ ንግግሯ የካርሎታ ተብሎ ለስኮቲ የቀረበ ድራማ ነው። ግን አስቡት፤ ጁዲ የምታወራው ስለ ማን ነው? ልትገደል ስለ ተዘጋጀች ሴት ነው። እዚህ ሞትኩ ስትል እውነተኛዋ ሚስት በሕይወት አለች። ጁዲ ይህን ታውቃለች። እኔ ለጁዲ አዝናለሁ፣ ግን ይህን መርሳት አልፈልግም። ሞታ የቀረችው ማዴሊን ኤልስተር ፊልሙ ውስጥ ፊቷ እንኳ በደንብ አይታይም።

ቅዳሜ

ሳን ሁዋን ባውቲስታ። ከሳን ፍራንሲስኮ ወደ ደቡብ 145 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ በ101 አውራ ጎዳና። ከተማዋ ልትደርሱ ስትሉ መንገዱን ግራና ቀኝ የያዙ ረጃጅም ባሕር ዛፎች ይቀበሏችኋል። ፊልሙም ላይ አሉ፤ ስኮቲ ሲነዳ ማዴሊን ቀና ብላ ታያቸዋለች። መስኮቱን ዝቅ አድርጉልኝ አልኩ። ሽታው እንጦጦ ነው። ባሕር ዛፍ ወደ ካሊፎርኒያም ወደ አዲስ አበባም የመጣው ከአውስትራሊያ ነው፤ ወደ እኛ በምኒልክ ዘመን፣ ወደ እነሱ ከዚያ ቀደም ብሎ በወርቅ ጥድፊያው ሰሞን። አክስቴ ከኋላ ወንበር ምንም አላለችም፤ በረጅሙ ተነፈሰች።

ሚሲዮኑ በ1797 ተመሠረተ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ካሉት 21 የስፔን ሚሲዮኖች አንዱ ነው። የመሬት መንቀጥቀጥ የሚያመጣው የሳን አንድሪያስ ስንጥቅ አጠገቡ ያልፋል፤ በ1906 የጎን ግድግዳዎቹ ፈርሰው ነበር። ወለሉ ላይ ጎንበስ ብላችሁ እዩ። የሸክላ ንጣፉ ሳይደርቅ የረገጡት እንስሳት ዱካ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላም አለ፤ መዳፉ፣ ጣቶቹ፣ ሁሉም።

ማማው የለም። ሂችኮክ ሲመጣም አልነበረም፤ የቀድሞው ቀደም ብሎ ፈርሷል። ፊልሙ ላይ የምናየው በሥዕልና በሞዴል የተጨመረ ነው፤ ደረጃውም ስቱዲዮ ውስጥ ተሠራ። ስኮቲ ወደ ታች ሲያይ ደረጃው የሚለጠጥበት ታዋቂ ምስል የተገኘው ካሜራው ወደ ኋላ እየሸሸ ሌንሱ ወደ ፊት እንዲያቀርብ በማድረግ ነው። ሞዴሉን በጎኑ አጋድመው ነው የቀረጹት። ለጥቂት ሰከንድ ምስል 19,000 ዶላር ወጣ። ዘዴውን የሠራው ካሜራማን ኢርሚን ሮበርትስ ስሙ ፊልሙ ላይ አልተጻፈም።

እኔን የያዘኝ ግን ሣሩ ነው። ከማዶ የድሮው የፈረስ ጋጣ አለ፤ ውስጡ ሠረገላዎች ቆመዋል። ስኮቲና ማዴሊን እዚያ ይሳሳማሉ። ከዚያ ሜዳውን አቋርጣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ትሮጣለች። ኤልስተር ከላይ የሚስቱን ሬሳ ይዞ እየጠበቀ ነው። ከመሮጧ በፊት ጊዜው አልፏል፣ እንዲህ መሆን አልነበረበትም ትለዋለች። ስኮቲ የሚሰማው የመንፈስ እብደት ነው። እሷ ግን እውነቱን እየተናገረች ነው። በፍቅር መውደቅ የዕቅዱ አካል አልነበረም። በውሸቱ መሐል የራሷን ልብ ነገረችው፤ እሱ ግን የሚያዳምጠው ማዴሊንን ነበር።

ከጋጣው እስከ በሩ በእግሬ ሄድኩ። ረጅም አይደለም። ሐሳብ ለመለወጥ ግን ይበቃል። ጁዲ ያን ሁሉ ሣር ስታቋርጥ መቆም ትችል ነበር። አልቆመችም። ለዚህ ነው ይቅር ለማለት የምቸገረው፣ ለዚህም ነው ደግሞ የማልተዋት።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ ምሳ በላን። ከዚያ ብቻዬን ተሻገርኩ። የቀረኝ ሳተር መንገድ ነው፤ ጁዲ የምትኖርበት ኤምፓየር ሆቴል የነበረው ሕንፃ። ስሙ ብዙ ጊዜ ተቀያይሯል፤ አንድ ሰሞን በፊልሙ ስም ይጠራ ነበር። አረንጓዴው የኒዮን ምልክት የለም። መንገዱ ተራ ነው። ልብስ ማጠቢያ፣ ምግብ ቤት፣ የተጣደፈ ሰው።

ሳምንቱን ሙሉ ያየኋቸው ቦታዎች የማዴሊን ነበሩ። ሙዚየም፣ ድልድይ፣ ደን፣ ሚሲዮን። ሁሉም ፖስት ካርድ ላይ የሚታተሙ ናቸው። ስኮቲ የወደዳት ማዴሊን ግን የለችም፤ ኤልስተር የፈጠራት ናት። በእውነት የኖረችው ሴት ያላት አንድ የሆቴል ክፍል ነው፤ እሱም በኪራይ። ክፍሏ ውስጥ ስኮቲን መጀመሪያ ስታስገባው መንጃ ፈቃዷን አውጥታ ታሳየዋለች። ጁዲ ባርተን፣ ሳላይና፣ ካንሳስ። የወላጆቿን ፎቶ ታሳየዋለች። ይኼ ነኝ ትለዋለች። እያየው አላየውም።

እሱ ሲወጣ ደብዳቤ ትጽፋለች። ሁሉን ትናዘዛለች፤ ግድያውን፣ ሚናዋን፣ እንደምትወደው። ከዚያ ቀድዳ ትጥለዋለች። ፊልሙ ከመውጣቱ በፊት ይህ ትዕይንት ይቆረጥ ወይስ ይቆይ የሚል ክርክር ነበር። ቢቆረጥ ኖሮ ምሥጢሩን የምናውቀው መጨረሻ ላይ ከስኮቲ ጋር ነበር፤ ድንጋጤው ይበልጥ ነበር። ግን ጁዲን አናውቃትም ነበር። በጸጉሯና በልብሷ የሚሆነውን ሁሉ እንደሱ ሆነን እናይ ነበር። ደብዳቤው ስላለ ግን ከእሷ ጋር ሆነን ነው የምናየው፤ እያንዳንዱ ለውጥ ምን እንደሚያስከፍላት እያወቅን።

ማታ አክስቴን ጠየቅኋት። ለምን አልሸሸችም? ሻንጣዋን እኮ ማውጣት ጀምራ ነበር። አክስቴ ብዙ አላሰበችም። «አንድ ቀን ራሴን ይወደኛል ብላ ነዋ፣ ልጄ» አለች። «ስንቷ ናት እንደሷ የቀረችው።» እኔ መልሱ ያ ብቻ አይመስለኝም። ጥፋተኛ ናት፤ ታውቀዋለች፤ እና በዚያ ከተማ የሠራችውን ሥራ ሳያውቅም ቢሆን የተካፈለ አንድ ሰው እሱ ብቻ ነው። ከሱ ብትሸሽ ብቻዋን ትቀራለች። አክስቴ አልተስማማችም። ሳህኑን እያጠብን እስክንጨርስ ስንከራከር አመሸን።